የጉዳት ቁጥር ሲጨምር ለምን ደስ አለኝ

በአንድ ከተማ አስተዳደር ውስጥ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ቁጥጥርን እንድመራ ስመደብ መጀመሪያ ያስመጣሁት የጉዳት መዝገቡን ነው። በጣም ስስ ነበር። ከተማው በየአቅጣጫው ይቆፈራል፣ ፎቅ ይወጣል። ፋብሪካዎቹ ሌት ተቀን ይሠራሉ። በመዝገቡ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ የተጎዳው ሰው ጥቂት ነው። ባልደረቦቼ ይህን በመልካም አፈጻጸም ቆጥረውት ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ቁጥር ነው።

ሕጉ ምንም አልጎደለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስን አደጋና ከሥራ የሚመጣን በሽታ መዝግቦ ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ለጉዳቱ ኃላፊ መሆኑም ተጽፏል። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ደግሞ 50 በመቶ ማግኘት አለበት።

ታዲያ ሪፖርቱ ለምን አይመጣም? አሠሪው ካሳወቀ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል፣ ካሳም ይከተላል። ሠራተኛው ከተናገረ እንጀራው ያሰጋዋል። የቀን ሠራተኛው ደግሞ በእጁ ላይ ወረቀት የለውም። ካፖው፣ ማለትም የቀን ሠራተኞቹ አለቃ፣ በቃል ጠርቶት ነው የመጣው። ሲወድቅ በባጃጅ ክሊኒክ ያደርሱታል፣ ትንሽ ብር ያስጨብጡታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ስለዚህ ከቁጥጥሩ በፊት የተጎዳውን ሰው መፈለግ ነበረብን። ሆስፒታል ሄደን ተነጋገርን። የታካሚ ስም አልጠየቅንም። ከድንገተኛ ክፍል የፈለግነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ጉዳቱ የደረሰው ሥራ ላይ ነው ወይ? ምን ሲሠራ? የትኛው ሰፈር? ነርሶቹ ሐሳቡን ወደዱት። የእጅ ጣት መቆረጥ ከየትኛው መንደር እንደሚበዛ እነሱ ድሮም ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም። ቀጥለን ፖሊስንና የእሳትና አደጋ ሠራተኞችን ጠየቅን።

ከሁሉም በላይ ያስተማሩን ግን ወጌሻዎች ናቸው። አንዱን አዛውንት "አባቴ፣ ሥራ ላይ ወድቆ የሚመጣ አለ እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ሞልቷል!" አሉኝ። "ከመወጣጫ የወደቀ፣ ፌሮ ብረት የመታው፣ ማሽን እጁን የያዘው። ሆስፒታል ከሄድኩ ጄሶ አስረው ከሥራ ያስቀሩኛል ብሎ ይሰጋል። እኔ ጋ ታሽቶ፣ ታስሮ፣ በነጋታው ሳይቱ ላይ ነው።"

ያን ቀን የገባኝ ነገር ሥራዬን በሙሉ ቀየረው። እኛ ቢሮ ውስጥ ሰላም ነው የምንለው ከተማ በወጌሻው በረንዳ ላይ ተሰልፎ ነበር።

የሰበሰብነውን በካርታ ላይ ስናስቀምጥ ነጥቦቹ በየቦታው አልተበተኑም። ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። የመሠረት ቁፋሮ፣ የእንጨት መወጣጫ፣ የብረታ ብረት ፕሬስ (ብረት እየተጫነ ቅርጽ የሚያስይዝ ማሽን)፣ የፍሳሽ ጉድጓድ። ቀድሞ ተቆጣጣሪዎቻችን ለመድረስ የሚቀልለውንና ፋይሉ የተሟላውን ትልቅ ድርጅት ነበር ደጋግመው የሚጎበኙት። በጥቂት ባለሙያ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ የጉብኝቱን እቅድ ከካርታው ተነስተን አወጣነው። ክረምት ሲገባ ቁፋሮ፣ በበጋ ደግሞ ማሽንና መወጣጫ። ይህን ሥራ የሚረከብ ሰው ምን ትመክረኛለህ ቢለኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ስለ ቁፋሮ ትንሽ ልበል። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ላዩን ጠንካራ መስሎ ይቆምና በአንድ ጊዜ ይናዳል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል። ሰውየው ጭንቅላቱ ከአፈር በላይ ቢሆን እንኳ ደረቱ ከተያዘ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ በሌሎች አገሮች የሚሠራበትን ልክ ወስደን ከ1.5 ሜትር በላይ በጠለቀ ቁፋሮ ውስጥ ያለ ድጋፍ ሰው አይገባም አልን። የወጣውም አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

አንድ ቀን ማለዳ ከተቆጣጣሪያችን ጋር አንድ ሳይት ደረስን። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል። የወጣው አፈር ጠርዙ ላይ ተቆልሏል፣ ከአጠገቡ ሲኖትራክ ቆሟል። ታች ወጣት ሠራተኞች አካፋ ይዘው ይሠራሉ። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ይታያል፣ ከሥሩ ውኃ ያለቅሳል። ፎርማኑ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። "ትናንትም ሠርተንበታል፣ ምንም አልሆነም" አሉ። ተቆጣጣሪዋ አልተቆጣችም። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጆቹ ይውጡ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" አለች። ወጡ። የእግድ ደብዳቤው በዚያው ቀን ደረሳቸው። ተቋራጩ እንጨትና ጣውላ አምጥቶ ግድግዳውን ለመደገፍ የፈጀበት ከአንድ ቀን አይበልጥም። ያ ግድግዳ ይናድ ነበር ወይስ አይናድም? ማንም አያውቅም። የዚህ ሥራ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። የተረፈ ሰው መትረፉን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አንተም ለአለቆችህ የምታሳየው ማስረጃ የለህም።

ከዚህ ውስጥ የኔ ድርሻ ደብዳቤው በዚያው ቀን እንዲወጣ ማድረግ ነበር። ቀድሞ የእግድ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ይከርም ነበር። አደጋው ሲያፈጥ ማን ይፈርማል? ኃላፊው ስብሰባ ከገባ ማን ይተካዋል? ይህ ቀድሞ በጽሑፍ እንዲወሰን አደረግሁ። አሰልቺ የቢሮ ሥራ ይመስላል። ሰው የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ፋብሪካዎቹ ጋ ያየነው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ጣት የሚቆርጥ ፕሬስ አለ ተባልን። ማሽኑ በሁለት እጅ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ሁለቱን ቁልፍ በሁለት እጅ ካልተጫንክ አይወርድም፤ ስለዚህ እጅህ ከሥሩ ሊሆን አይችልም። ጠጋ ብለን ስናይ የግራው ቁልፍ በፕላስተር ተጠምጥሞ ለዘለቄታው ተጭኗል። ሥራ አስኪያጁ "እኛ ስንት ጊዜ መከርን፣ ሠራተኛው ነው እምቢ ያለው" አሉ። ሠራተኛውን ለብቻው አነጋገርነው። አዋጁ ለተቆጣጣሪ ይህን መብት ይሰጠዋል። ታርጌቱን ነገረን። በሁለት እጅ እየተጫነ ያንን ቁጥር መሙላት አይችልም። ካልሞላ ደግሞ ጉርሻው ይቀራል። ፕላስተሩን ለማስነሳት ታርጌቱን ማስተካከል ነበረብን።

ከዚያ ወዲህ ለተቆጣጣሪዎቼ "ሠራተኛው ግዴለሽ ነው" የሚል ሪፖርት አትጻፉልኝ ብያለሁ። ለምን እንደዚያ አደረገ የሚለው ካልተጻፈ ሪፖርቱ አላለቀም። ጓንትና ሄልሜትም እንዲሁ ናቸው። በየዓመቱ ሚያዝያ 20 የዓለም የሥራ ደህንነትና ጤንነት ቀን ሲከበር ሄልሜት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። ሄልሜት ያስፈልጋል፤ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው። መጀመሪያ አደጋውን ማጥፋት፣ ካልሆነ መቀየር፣ ካልሆነ መከለል፣ ከዚያ አሠራሩን ማስተካከል፣ ይህ ሁሉ ካልበቃ ሰውየውን ማልበስ። በተግባር ግን ከጭራው ነው የሚጀመረው፤ ሄልሜት ከሁሉም ይረክሳልና።

ስለ ጥቆማም ልንገራችሁ። አዋጁ ተቆጣጣሪ የጠቋሚን ማንነት እንዳያወጣ፣ የመጣውም በጥቆማ መሆኑን ለአሠሪው ፍንጭ እንዳይሰጥ ይከለክላል። በተግባር ግን እንዴት ይሆናል? ከአንድ ፋብሪካ ስልክ በተደወለ ማግሥት ተቆጣጣሪ እዚያው ብቻ ከሄደ ነገሩ ተነቃ ማለት ነው። እኛ ጥቆማ ሲመጣ የጎረቤቶቹንም ግቢ አብረን እንጎበኛለን፣ ተመሳሳይ ፎርም እንሞላለን። ሠራተኞቹ ይህን ሲያዩ መደወል ጀመሩ። በተለይ ማታ ፈረቃ ላይ የሚሠሩ ሴቶች የድንገተኛ መውጫ በር እንደሚቆለፍ የነገሩን በዚህ መንገድ ነው። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1911 የትራያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሰው ያለቀው አንዱ መውጫ ተቆልፎ ስለነበር ጭምር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ምክንያቱ "ዕቃ ይሰረቃል" ነው።

የቢሮውን ቤት ማጽዳትም ነበረብን። መኪና ስለሌለን ተቆጣጣሪዎቻችንን የሚወስደው የሚጎበኘው ድርጅት ራሱ ነበር። ምሳም ያበላል። ሕጉ በሥራ ሰዓት ያለ ማስጠንቀቂያ ግቡ ይላል፤ እኛ ግን መኪና እስኪላክልን እንጠብቃለን። በጀቱ ትንሽ ቢሆንም የትራንስፖርት ገንዘብ ቅድሚያ አገኘ። በአንድ ሰፈር ያሉ ድርጅቶችን በአንድ ቀን በታክሲ ማዳረስ ተቻለ። ምሳ ክልክል ሆነ፤ ውኃ ይበቃል። ጎበዝ ተቆጣጣሪዎችን ግን ማቆየት አልቻልንም። የግል ድርጅቶች እጥፍ ደመወዝ ከፍለው የሴፍቲ ኃላፊ አድርገው ይወስዷቸዋል። አንጀቴን ቢበላውም አልቀየምኩም። በየፋብሪካው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ተቀምጧል።

ከላይ የሚመጣውም ጫና አለ። "ኢንቨስተር ታሸሻላችሁ" የሚል ስልክ የማይደወልለት ኃላፊ ያለ አይመስለኝም። እኔ በየመድረኩ የማነሳው ራና ፕላዛን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ሕንፃው በተደረመሰበት ዋዜማ ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ ነበር። ታች ያለው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። የልብስ ስፌት ሠራተኞቹ ግን በነጋታው ግቡ ተባሉ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ትልልቆቹ የልብስ ገዢ ኩባንያዎች ከዚያ በኋላ ነው የሕንፃ ደህንነት ስምምነት ለመፈረም የተሯሯጡት። ኢንቨስተርን የሚያሸሸው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ብዙዎቹ አለቆቼ ይህን ሲሰሙ ይረዱኝ ነበር። የማይረዱም ነበሩ፤ ለእነሱ አዋጁን አያይዤ በጽሑፍ መልስ እሰጣለሁ።

በዚህ መሀል መዝገቡ ወፈረ። በሪፖርት ግምገማ ላይ "አንተ ከመጣህ ጉዳት ጨመረ" ተባልኩ። ደስ አለኝ። ግን ደስታው ብቻውን አያስረዳም፤ ቁጥሩን ለሁለት ከፍዬ አቀረብኩ። ሞትና ከባድ ጉዳት ለመደበቅ ያስቸግራል፤ በሆስፒታልና በፖሊስም በኩል ይታወቃል። ያንን ለብቻው አስቀመጥኩ። ቀላል ጉዳትና "ለጥቂት ተረፈ" የሚባለው ሌላ ረድፍ ላይ ሆነ። ሁለተኛው ረድፍ ሲያድግ ሰው መናገር ጀምሯል ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ መለካት ያለበት በዚህ ነው። ቁጥሩ በመጨመሩ ኃላፊን የሚቀጣ አሠራር መዝገቡን መልሶ ያቀጥነዋል።

የፍሳሽ ጉድጓድን ሳላነሳ አላልፍም። አንዱ ለማጽዳት ይወርዳል፣ ይወድቃል። ወንድሙ ሊያወጣው ይወርዳል፣ እሱም ይቀራል። እንዲያወጣ የገባው ሦስተኛውም እንዲሁ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው መርዛማ ጋዝ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት አየሩ ጸዳ ማለት አይደለም። እባካችሁ፣ ማንም ሰው ወድቆ ብታዩ ተከትላችሁ አትውረዱ። ለእሳትና አደጋ ደውሉ።

አሁን ድረስ የሚቆጨኝ የበሽታው ጉዳይ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ግምት እንደሚለው በዓመት ከሥራ ጋር በተያያዘ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይሞታል፤ ከዚህ ውስጥ 2.6 ሚሊዮን ያህሉ የሚሞተው በበሽታ ነው። እኛ የምናሳድደው ግን በአብዛኛው አደጋውን ነው። ጥጥ መዳመጫ ውስጥ ያገኘኋት እናት "ሰኞ ሰኞ ደረቴን ይይዘኛል፣ ሐሙስ ላይ ይለቀኛል" አለችኝ። በጥጥ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ ሕመም መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፤ ከዕረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ይበረታል። እሷ ብርድ ነው ብላ ዝንጅብል ትጠጣ ነበር። ሲቆይ ግን የማይድን ሆኖ ይቀመጣል።

ሥራውን ሳስረክብ በጽሑፍ የተውኩት ጥያቄ ይህንኑ ይመለከታል። ብናኝና ኬሚካል ያለበት ሥራ የሚቀጠር ሁሉ ሲገባ በአሠሪው ወጪ ሳንባው ይመርመር፤ በየዓመቱም ይደገም። ውጤቱ በፋብሪካው ክሊኒክ ብቻ አይቀመጥ። ሠራተኛ ፋብሪካ ይቀይራል፣ ፋብሪካም ይዘጋል፤ ካርዱ አብሮ ይጠፋል። ቅጂው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይቀመጥ። የተወሰኑ ፋብሪካዎች ተስማምተው ጀምረዋል። የቀሩትን ማስጀመር የተተኪዎቼ ሥራ ነው፤ በምችለው ሁሉ አግዛቸዋለሁ።