ዜድ የአሜሪካ፣ ኤስ የእንግሊዝ? እስካሁን የደረስኩበት

የእንግሊዝኛ ኤዲቲንግ ልምምዴን ቀጥያለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ሁለት ስፔሊንግ ያላቸውን ቃላት ነው። አብረን የምናጠናው ልጆች አንድ ቃል ላይ ደርሰን "ልክ ነው"፣ "ኧረ አይደለም" ስንባባል ሰዓቱ ያልቃል። መከራከሩ ክፋት የለውም። ግን ብዙ ጊዜ የምንከራከረው መዝገበ ቃላት ሳንገልጥ ነው።

ጭቅጭቁ ሁሌ የሚነሳው ከዜድ ነው። "ኦርጋናይዜሽን" በዜድ ሲጻፍ አንዱ "ይሄ የአሜሪካ ነው፣ እኛ የተማርነው የእንግሊዙን ነው" ይላል። አሜሪካኖቹ በዜድ እንደሚጽፉ አያጠያይቅም። እንግሊዞቹ ግን እርስ በርሳቸውም አልተስማሙ። ቢቢሲና ጋርዲያን በኤስ ይጽፋሉ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ደግሞ በዜድ። ምክንያቱ የቃሉ መድረሻ፣ ማለትም "አይዝ" የሚለው ቅጥያ፣ ከግሪክ መምጣቱ ነው፤ በግሪኩም ዜታ (የግሪኩ ዜድ) ነው ያለው። የተባበሩት መንግሥታትም የሚከተለው ኦክስፎርድን ነው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የእንግሊዝኛ ስም በዜድ የሚጻፈው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስም ላይ ግን "ፕሮግራም" በእንግሊዞቹ አጻጻፍ በሁለት ኤምና በኢ ያልቃል። የተደባለቀ ይመስላል እንጂ አንድ ወጥ ሥርዓት ነው።

ዜድን የያዘ ሰው ግን ሁሉም ቦታ ሊከታት አይችልም። "ሰርፕራይዝ"፣ "ኤክሰርሳይዝ"፣ "ሱፐርቫይዝ" አሜሪካም ይሁን እንግሊዝ በኤስ ናቸው። "አናላይዝ" ደግሞ ለብቻው ነው። አሜሪካ በዜድ ትጽፈዋለች፤ እንግሊዝ ውስጥ ግን ኦክስፎርድ ራሱ በኤስ ነው የሚጽፈው፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ያ የግሪክ መድረሻ አይደለም። ይቺን ማወቅ በጣም ጠቅማኛለች። ኦክስፎርድን እከተላለሁ ያለ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚፈተነው እሷ ላይ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት የኬሚስትሪውን ታሪክ ነው። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1990 "ሰልፈር" በኤፍ እንዲጻፍ ወሰነ፤ የአሜሪካው ማለት ነው። የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ኬሚስትሪም በ1992 የለመደውን ፒኤች ትቶ ተቀበለው። "አሉሚኒየም" ላይ ግን ያው ኅብረት የመረጠው የእንግሊዙን ነው፣ መጨረሻው ላይ አይ የተጨመረበትን። በ1993 የአሜሪካውም አይ የሌለው "አሉሚነም" ተቀባይነት እንዳለው አከለበት። የሚገርመው አይ የሌለውን እ.ኤ.አ. በ1812 የተጠቀመበት ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ ራሱ እንግሊዛዊ ነበር። ሌሎች ናቸው ከ"ሶዲየም" እና ከ"ፖታሲየም" ጋር እንዲሄድ ብለው አይ ያስገቡት። እንግዲህ አሜሪካኖቹ አበላሹት የሚል ካለ ይቺን ይያዝ።

ለጓደኞቼ ደጋግሜ የምነግራቸው የመዝገበ ቃላትን የአጠቃቀም ማብራሪያ እንዲያነቡ ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሜሪያም ዌብስተር በሚባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሁለት ስፔሊንግ በ"ኦር" ከተያያዙ ሁለቱም ያው ናቸው። በ"ኦልሶ" ከተያያዙ ሁለተኛው ስህተት አይደለም፣ የሚጠቀምበት ሰው ግን ያንሳል። ግማሹ ክርክራችን እዚያች አንዲት ቃል ላይ ያልቃል። ለመሆኑ "ፀሐይ"ንም "ጸሀይ"ንም አይቶ ሳይደናገጥ የሚያልፍ ሰው እንግሊዝኛ ላይ ሲሆን ለምን እንዲህ ይከርራል?

አይልትስ ለምትፈተኑ፦ የሁለቱም አገር ስፔሊንግ ተቀባይነት አለው፣ አትጨነቁ። ግን አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። እኔም ጽሑፍ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው "የማንን ነው የምንከተለው?" ብዬ ነው። ከዚያ የኮምፒውተሩን ቋንቋ በዚያው አስተካክላለሁ። አለዚያ ቀዩ መስመር ልክ የሆነውን ቃል ሁሉ ያስነካችኋል።

አሁን የገባሁት "ፕራክቲስ" እና "ላይሰንስ" ውስጥ ነው። በእንግሊዝ ስም ሲሆኑ በሲ፣ ግስ ሲሆኑ በኤስ። አሜሪካ "ፕራክቲስ"ን ሁሌም በሲ፣ "ላይሰንስ"ን ሁሌም በኤስ። እኔ የምይዘው በ"አድቫይስ" እና በ"አድቫይዝ" ነው፤ እነሱ ላይ ልዩነቱ በጆሮ ይሰማል።

ቀጥሎ ካናዳ ነው። "ከለር"ን እንደ እንግሊዝ በዩ፣ የመኪና "ታየር"ን እንደ አሜሪካ በአይ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ በእንግሊዝኛ እየጻፋችሁ የምትሠሩ ካላችሁ መሥሪያ ቤታችሁ የትኛውን መዝገበ ቃላት እንደሚከተል ጻፉልኝ።