ከአንድ ሩፒ የጎደለው

ዛሬ ደብቶኛል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ለራሴም አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ውሎ ማታ ላይ ለየለት። ከሰል እያራገብኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ክብሪት ጫረ። ፊቱ ለአንድ አፍታ ቦግ ብሎ ታየኝና ጨለማው ዋጠው። ሁሌ የማየው ፊት የማላውቀው ሰው መሰለኝ። እሱ ሻማ ፍለጋ መሳቢያውን ሲያተራምስ የእኔ ሐሳብ ህንድ ገብቶ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እንግሊዝኛ ያስተማረንን ህንዳዊ መምህር አብራችሁኝ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰዋስው ሲያስተምር እንቅልፉ የመጣ ይመስል ነበር። የአር. ኬ. ናራያንን ታሪክ ሲያነብልን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ናራያን ማልጉዲ የምትባል የሌለች ከተማ ፈጥሮ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሰፍርባት የኖረው ደራሲ ነው። ያን ቀን ያነበበልን ስለ አንድ ኮከብ ቆጣሪ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 በወጣው መድበል ውስጥ ያለ፣ በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ታሪክ ነው። ክብሪቱ ያስታወሰኝ እሱን ነው።

ኮከብ ቆጣሪ ስላችሁ ዐውደ ነገሥት ገልጦ የሚያሰላ ደብተራ እንዳይመጣባችሁ። ይሄኛው ስለ ከዋክብት ከደንበኞቹ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም። የመንገድ ላይ ተዋናይ ብለው ይቀለኛል። መናፈሻው አጠገብ፣ ሕዝብ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ዕቃውን ይዘረጋል። ዛጎል፣ ምልክት የተሳለበት ጨርቅ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፈ ጥቅል። ግንባሩን አመድና ቀይ ቀለም ይቀባል። ራሱ ላይ ብርቱካንማ ጥምጥም አለ። ዓይኑ ያበራል። ሰው ይሄ የነቢይ ዓይን ነው ይላል። እንዲያ ያበራው ግን ደንበኛ ፍለጋ ሲቅበዘበዝ ነው።

ሲመሽ የራሱ መብራት እንኳ የለውም። ጎኑ ባለው ለውዝ ሻጭ ኩራዝ ነው የሚሠራው። ለውዝ ሻጩም ያው ተዋናይ ነው፤ ያንኑ ለውዝ አንድ ቀን የቦምቤይ አይስክሬም፣ በማግስቱ የዴልሂ አልሞንድ እያለ ይቸበችበዋል። ሰዉም ይከበዋል።

የኮከብ ቆጣሪው ዘዴ ቀላል ነው። ደንበኛው በደንብ አውርቶ እስኪወጣለት አፉን አይከፍትም። ከዚያ የልፋትህን ያህል አላገኘህም ይለዋል። ከዘመዶችህ መካከል የማትወድህ ሴት አለች ይለዋል። ይሄ የማይገጥመው ሰው ከየት ይመጣል? ደንበኛው ተደንቆ ከፍሎ ይሄዳል። እኔ ይሄን ማጭበርበር ለማለት ይከብደኛል። ሰውየው ጆሮውን ሰጥቷል። ሰው የሚሰማው አጥቶ ስንት በሚከፍልበት ዘመን ጥቂት ሳንቲም መቀበሉ በደል አይመስለኝም።

አንድ ማታ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል አንድ ሰው መጣበት። ጉሩ ናያክ ይባላል። ነገረኛ ነው። ችሎታ ካለህ አሳየኝ፣ ከዋሸህ ግን ገንዘቤን ከነወለዱ ትመልሳለህ እያለ ያፋጥጠዋል። ተከራከሩ፣ ዋጋ ጠሩ። መሃል ላይ ሰውየው ትምባሆውን ሊያቀጣጥል ክብሪት ጫረ። ኮከብ ቆጣሪው ፊቱን አየው። በአንዴ ተለወጠ። ገንዘብህን ውሰድ፣ መሽቶብኛል፣ ልሂድ አለ። ሰውየው ክንዱን ይዞ አልለቅም አለው።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ኮከብ ቆጣሪው መናገር ጀመረ። አንድ ጊዜ በጩቤ ተወግተህ ሞቷል ተብለህ ተጥለሃል አለው። ሰውየው ደስ ብሎት ደረቱን ከፍቶ ጠባሳውን አሳየው። ጉድጓድ ውስጥ ተወርውረህ ነበር አለው። አዎ፣ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ባያየኝ ሞቼ ነበር አለ። ከዚያ ኮከብ ቆጣሪው በስሙ ጠራው። ጉሩ ናያክ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። የወጋኝን ሰው መቼ ነው የማገኘው ብሎ ጠየቀ። ሞቷል፣ የጭነት መኪና ጨፍልቆታል ተባለ። በል አሁን ወደ አገርህ ግባ፣ ወደ ደቡብ ዳግመኛ እንዳትመጣ፣ መቶ ዓመት ትኖራለህ። ሰውየው እርካታ ፊቱ ላይ እየታየ እፍኝ ሳንቲም ሰጥቶት ሄደ።

የወጋው ራሱ ኮከብ ቆጣሪው መሆኑን ገና መምህሩ ሳያነበው ክፍሉ በሙሉ ገብቶት ነበር። ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

ኮከብ ቆጣሪው ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሳንቲሙን ቆጠረች። ዐሥራ ሁለት ተኩል አና። በእነሱ ቤት ብዙ ገንዘብ ነው። ደስታዋን አልቻለችውም፤ ነገ ኮኮናትና የሸንኮራ ስኳር ገዝታ ለልጇ ጣፋጭ ልትሠራላት አሰበች። ያኔ አንድ ሩፒ ዐሥራ ስድስት አና ነበር። እሱ ሦስት ተኩል መጉደሉን አስልቶ ተናደደ። አንድ ሩፒ እሰጥሃለሁ ብሎ አታለለኝ፣ አሳማ ብሎ ሰደበው።

እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የምቆመው። ደረቱን የወጋኸው፣ ጉድጓድ የጣልከው፣ ዛሬ ማታ ጠባሳውን ገልጦ ያሳየህ ሰው ነው። በእሱ ላይ እንዴት ስለ ሦስት ተኩል አና ንዴት ይመጣል? ክፋት ነው እንዳልል ክፋት አይመስልም። የለመደው የገበያ ንዴት ነው። ሚዛን የቀሸበውን ሻጭ የምንሰድብበት ዓይነት።

እራት በልተው ደጃፉ ላይ ሲቀመጡ ለሚስቱ ነገራት። ዛሬ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ አላት። ይሄን ሁሉ ዓመት የሰው ደም አለብኝ ብዬ ነበር፣ ከአገሬም የጠፋሁት፣ አንቺንም ያገባሁት በዚያ ሰበብ ነው፣ ሰውየው ግን በሕይወት አለ። ሰው ልትገድል ነበር ብላ ደነገጠች። አዎ፣ ልጅ ነበርን፣ ጠጣን፣ ቁማር ተጫወትን፣ ተጣላን፣ አሁን ምን ያስነሣዋል፣ እንተኛ አለ። አዛጋና ጋደም አለ።

መምህሩ መጽሐፉን ሲዘጋ አንዷ እጇን አወጣች። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ አሁን ውጭ ነው ያለችው። «ይቅርታ መቼ ጠየቀው ታዲያ?» አለች። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መልስ አልሰጣትም። ጥያቄው እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ሸክሙ የወረደለት ሰውየው ስላልሞተ ነው። ጩቤውን ያነሣው እጅ ግን ያው ነው። ያ መንገደኛ ባያልፍ፣ ቢያልፍም ጎንበስ ብሎ ባያይ ኖሮ የሞተ ሰው ነበር። የዳነው በመንገደኛው ደግነት ነው። ታዲያ የወጋው ሰው በሌላ ሰው ደግነት እንዴት ነጻ ይወጣል? ይሄ ሁሉ ዓመት የጸጸት ሳይሆን የፍርሃት ዓመት የነበረ ይመስለኛል። የሚፈራ ሰው የፈራው ነገር ሲቀር ይተኛል። የሚጸጸት ሰው ግን ጠባሳውን አይቶ እንዴት ይተኛል?

ደግሞ ለእሱ ልከራከርለት ይቃጣኛል። ጉሩ ናያክ ዓመታቱን የፈጀው ጠላቱን አንቆ ሊገድል ሲፈልግ ነው። እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ ቢለው እዚያው ዛፍ ሥር ሌላ ደም ይፈስ ነበር። በውሸቱ ሁለት ሰው አተረፈ። አንዱ ነፍስ ከማጥፋት ዳነ፣ አንዱ ከመሞት። ይቅርታ የማይሠራውን ውሸት ሠራው። እንዲያውም ሞቷል ሲለው ከልቡ ይመስለኛል። ያ ሰካራም ጎረምሳ ሞቶ ይሆናል። እዚህ ስደርስ ልቤ ይለሰልስለታል። ከዚያ ሦስት ተኩል አናው ትዝ ይለኛል። ያን ሁሉ ሸጦታል እኮ! ዋጋ ተከራክሮበታል!

በቅርቡ ያነበብኩት የሱቦድ ጎሽ ታሪክ ነገሩን አባባሰብኝ። የቤንጋል ደራሲ ነው። ሃሪዳ የሚባል መልኩን እየለዋወጠ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ድሃ አለው። አንድ ቀን እብድ ሆኖ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ያስደነግጣል፤ ሌላ ቀን ዘፋኝ ሴት ሆኖ የእግር ቃጭሉን እያንጫረረ በገበያው መሃል ያልፋል። ቤቱ ብዙ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ውኃው ብቻ ነው የሚፈላው፤ ሩዝ የለም። አንድ ማታ ዓለምን የናቀ መናኝ መስሎ አንድ ሀብታም ቤት ገባ። ሀብታሙ መቶ አንድ ሩፒ እግሩ ሥር አስቀምጦ ለመንገድዎ ይያዙልኝ ብሎ ለመነው። ሃሪዳ አልነካውም። ደረጃው ላይ ትቶት ወጣ። ጓደኞቹ አበድክ ወይ ሲሉት መናኝ ሆኜ ገንዘብ ብነካ ትወናዬ ይበላሽብኛል አላቸው። በኋላ ሄዶ በራሱ መልክ ጉርሻ ሊጠይቅ ነው ያሰበው፤ ቢሰጠው ስምንት ወይ ዐሥር አና።

ሃሪዳ ማንንም አልወጋም። የሚጸጸትበት ነገር የለውም። ግን የተጫወተው ሰው ውስጡ ገብቶበታል። ኮከብ ቆጣሪው ደግሞ አመድ ተቀብቶ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ የሰው ልብ ሲያይ ውሎ የራሱን ልብ አላየም። ሃሪዳን እወደዋለሁ። የማስበው ግን ኮከብ ቆጣሪውን ነው። ምናልባት ሃሪዳን የመሰለ ሰው አላውቅም ይሆናል፤ እንተኛ የሚል ሰው ግን ብዙ አውቃለሁ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ሚስትየዋ መጣችብኝ። ያኔ ክፍል ውስጥ ስለ እሷ የጠየቀ የለም። ከልጇ አባት አጠገብ ተቀምጣ ሰው ሊገድል እንደነበር ሰማች። ትዳሯ የሽሽት መጨረሻ መሆኑን በዚያው አፍ ሰማች። ደንግጣ አንድ ነገር ተናገረች፤ እሱ አዛጋ። ደራሲው እዚያ ላይ ጨረሰ። ሸክሙ ወረደልኝ ሲል የት ነው የወረደው? እኔ እንደሚመስለኝ እሷ ላይ ነው። እሱ አውርዶ ተኛ፣ እሷ ተሸክማ ቀረች።

በጠዋት ልጅቷ ጣፋጭ ትጠይቃለች። ሳንቲሙ እናቷ የቆጠረችው ያው ሳንቲም ነው። የማን እንደነበር፣ ለምን እንደተሰጠ አሁን ታውቃለች። ገበያ ወጥታ ኮኮናቱን ገዛች ይሆን?