ሽንኩርት የሚቆጥረው ካሜራ

ክርክሩ የተነሳው በድሮን ካሜራ ሜጋፒክስል ነው፤ ማለትም ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጠብጣብ (ፒክስል) አለው በሚለው። ሥራው መቂ አካባቢ ያለ የአትክልት እርሻ ነበር። ባለቤቱ ከሐይቁ ውኃ በፓምፕ ስቦ በቦይ ሊያከፋፍል አስቧል። ከእኛ ከቀያሾቹ የሚፈልገው የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ካርታ ነው።

መሬቱ ድፍን ሜዳ ነው። በዓይን የሚለይ ተዳፋት የለውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቦይ ሲነደፍ በ1 ኪሎ ሜትር 1 ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከፍታው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከተሳሳትክ የ100 ሜትር ቦይ ተዳፋት ጠፋ ማለት ነው። ውኃው ቆሞ ያይሃል።

ለሥራው ሦስት ድሮን ነበረን። አንደኛው የቢሮው አሮጌ ፋንተም 4 ፕሮ ነው፤ ክንፉ ተቀያይሮ አልቋል። ሁለተኛው ለዚሁ ሥራ የተከራየነው፣ ቦታውን በሴንቲ ሜትር ልክ ያውቃል የሚባለው ፋንተም 4 አርቲኬ ነው። ሦስተኛው ሥራ አስኪያጃችን ራሱ መርጦ ያስገዛው ማቪክ ኤር 2፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ። ፋንተሞቹ 20 ሜጋፒክስል ናቸው። ማቪኩ 48።

«48 ከ20 ይበልጣል። ምኑ ነው የሚያከራክረው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። ዕቃ ሲገዛ ካርቶኑ ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ይኸው ቁጥር ነው። ችግሩ ካርቶኑ ላይ በደቃቁ የሚጻፈው ነው። የፋንተሞቹ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) 1 ኢንች የሚባለው ነው። የማቪኩ ግማሽ ኢንች የሚባለው ነው፤ በስፋት ሲታይ ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። 48 ሚሊዮኑ ፒክስል እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ነው የተቀመጠው። ለዚያውም አራት አራቱ አንድ የቀለም ማጣሪያ ይጋራሉ። በቀለም ረገድ የ12 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው ማለት ይቻላል።

ለቀያሽ ከዚህም የባሰው ሸተሩ፣ ፎቶው ሲነሳ የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል ነው። ፋንተሞቹ ሜካኒካል ሸተር ስላላቸው ሙሉውን ፎቶ በአንድ ቅጽበት ይይዛሉ። ማቪኩ ግን ምስሉን መስመር በመስመር እያነበበ ነው የሚወስደው። ድሮኑ ደግሞ እየበረረ ነው። በሴኮንድ 10 ሜትር እየሄደ ንባቡ የሴኮንድ 1/20ኛ ቢፈጅበት፣ የፎቶው የመጀመሪያ መስመርና የመጨረሻው መስመር የተነሱት ግማሽ ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ቦታዎች ነው። ለሠርግ ቪዲዮ ማንም አያየውም። ለካርታ ግን ሶፍትዌሩ ያንን ሁሉ መገመት ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ተናገርን። ሥራ አስኪያጁ አልተዋጠለትም። «ሦስቱም ይብረሩ፣ ውጤቱን እንይ» አለ። ጥሩ አለ። የበረራ ፈቃድ ማስጨረስ ምን ያህል እንደሚያለፋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዴ ከተገኘ ሦስቱንም ማብረር ይሻላል።

ከእኛ ጋር አንድ አንጋፋ ቀያሽ አሉ። ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው። ሌቭልና ስታፍ (የከፍታ መለኪያ መነጽርና ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ) ይዘው አገሩን ያዳረሱ፣ ማዕዘንና ርቀት አብሮ የሚለካው ቶታል ስቴሽን እንደ አዲስ ነገር ሲመጣ የነበሩ ሰው ናቸው። ድሮንን አይጠሉም፤ አያምኑም እንጂ። «የማያምኑት ምኑን ነው?» ስላቸው «ሶፍትዌሩ ስለ ራሱ ሥራ የሚጽፈውን ሪፖርት። ራሱ ተፈትኖ ራሱ የሚያርም ተማሪ አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

የመሬት ነጥቦቹን፣ ማለትም ቦታቸው ተለክቶ ፎቶው ላይ የሚታዩትን ምልክቶች፣ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ዘርግተን ድንጋይ ጫንበት። ጠዋት ስንመጣ ድንጋዩ አለ፣ ጨርቁ የለም። የሰፈር ልጆች ጥሩ ጨርቅ መሬት ላይ ሲያዩ ምን ያድርጉ? ከዚያ በኋላ በኖራ የመስቀል ምልክት አደረግን። ኖራ የሚሰርቅ የለም፣ ላም ካልረገጠው በስተቀር። ጋሼ የያንዳንዱን ቦታ በዲጂፒኤስ (ከተራው ጂፒኤስ በጣም በሚጠራ መለኪያ)፣ ከፍታውን ደግሞ በሌቭል፣ እርሻው ጥግ ካለው ቤንችማርክ፣ ማለትም ቦታውና ከፍታው አስቀድሞ ከታወቀ ምልክት፣ ተነስተው ለኩ። ከዚያ ለእኔ የነጥቦቹን ግማሽ ብቻ ሰጡኝ። ፎቶውን ሶፍትዌር ውስጥ የማቀናብረው እኔ ነኝ።

«ቀሪዎቹስ ጋሼ?»

«ቀሪዎቹ እኔ ጋ ይቆዩ።»

ሦስቱም በ100 ሜትር ከፍታ በረሩ። በማለዳ ነበር፤ የስምጥ ሸለቆ ነፋስ ረፋዱ ላይ ሲነሳ ድሮኑን እንደ ላባ ነው የሚያደርገው። አንድ ጭልፊት ፋንተሙን ሁለት ዙር አባረረው፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

የማቪኩ ፎቶ ሲወጣ ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ፎቶው በእርግጥ ያምራል። ሽንኩርቱ በመደዳ ይታያል፤ የጨነቀው ሰው ቢቆጥረውም ይችላል። በሒሳብ አንዱ ፒክስል መሬት ላይ የሚሸፍነው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። የፋንተሞቹ 2.7 ሴንቲ ሜትር ነው። «አላልኩም?» አለ። እኔም ለጊዜው መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ የደበቋቸውን ነጥቦች ሲያወጡ ነገሩ ተቀየረ። ማቪኩ በጎን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሳሳታል። በከፍታ ደግሞ መሀሉን ጉብ፣ ዳሩን ዝቅ አድርጎታል፤ ጠርዝ ላይ ስህተቱ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሜዳውን ኮረብታ አደረገው ማለት ነው። አሮጌው ፋንተም ከመሬት ነጥቦቹ ጋር ተዳምሮ በጎን 4፣ በከፍታ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ መጣ። የሚገርመው የአርቲኬው ነው። ሪፖርቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይላል። የጋሼ ነጥቦች ላይ ሲመዘን ግን በጎን 1.6 ሜትር፣ በከፍታ ከ2 ሜትር በላይ ስቷል። ውዱ ዕቃ፣ «የመሬት ነጥብ አያስፈልገውም» ተብሎ ነጥብ ሳይሰጠው የተሠራው!

ቢሮው ተተራመሰ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አንስቶ ወደ አከራዮቹ ደወለ። «የተበላሸ ዕቃ ነው የሰጣችሁን» ምናምን። ድሮኑን ያበረረው ልጅ ፊቱ ጠቆረ።

ጋሼ ስልኩ እስኪያልቅ ጠብቀው የስህተቶቹን ዝርዝር ጠየቁኝ። ስንት እንደሆነ አይደለም የጠየቁት። «ወዴት ነው የሳተው?» ነው ያሉት። አየሁት። ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን ነው የተገፋው።

«ካሜራ በጎን ሲሳሳት እንዲህ ተሰልፎ አይሳሳትም» አሉ። «አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ነው የሚሄደው። ይሄ ካሜራው አይደለም።» ወደ ልጁ ዞሩ። «ልጄ፣ ቤዙን የት ነው ያቆምከው?»

«መኪናው አጠገብ ጋሼ። ክፍት ቦታ ስለሆነ።»

«ደግ አድርገሃል። ቁጥሩን ከየት አመጣህለት?»

«ራሱ ነው ያገኘው። አረንጓዴ በራ።»

እዚህ ላይ ልጁ ላይ የሚፈረድ ነገር የለም። ማሽኑ አረንጓዴ ካበራ ማን ይጠራጠራል? ግን አርቲኬ ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ነው የሚገባህ። ቤዝ ስቴሽኑ፣ ቤዝ የምንለው የመሬት መቀበያ፣ አንድ ቦታ ቆሞ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ይሰማል። የቆመበትን ቦታ ቁጥር ከታወቀ ነጥብ ከሰጠኸው፣ የምልክቱን ስህተት አስልቶ ለድሮኑ እርማት ይልካል። ካልሰጠኸው እንደ ማንኛውም ስልክ የራሱን ቦታ በራሱ ይገምታል። ግምቱ በሜትሮች ይስታል። ድሮኑ ደግሞ ከቤዙ አንጻር የት እንዳለ በሴንቲ ሜትር ልክ ያውቃል። የሚያውቀው ከቤዙ አንጻር ብቻ ነው። ቤዙ 1.6 ሜትር ከሳተ ካርታው በሙሉ፣ እጅግ በትክክል፣ 1.6 ሜትር ይስታል። ሪፖርቱ አልዋሸም። ከቤዙ ጋር መስማማቱን ነው የነገረን።

በዚህ አገር ቅየሳ የሠራ ሰው የአዲንዳንን ጣጣ ያውቃል። ነባር ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ አለካክ መነሻ ነው፤ ጂፒኤስ የሚያወራው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱን ካምታታህ ነጥብህ ከ200 ሜትር በላይ ይሄዳል። እሱ ግን ደግ ስህተት ነው፤ እርሻህ የጎረቤት ቤት ላይ ስታየው ወዲያው ትነቃለህ። አስቸጋሪው ይሄ የ1.6 ሜትሩ ዓይነት ነው። ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። አጥሩ አጥር ነው፣ መንገዱ መንገድ ነው። የሚነቃው ኤክስካቫተሩ ከገባ በኋላ ነው።

ደግነቱ ልጁ ቤዙን ያቆመበት ቦታ ላይ ችካል መትቶ ነበር። ይህን ማንም አላዘዘውም። ጋሼ በማግስቱ ሄደው ችካሉን ከቤንችማርኩ ተነስተው ለኩት። ልዩነቱን በሁሉም ፎቶዎች ቦታ ላይ ጨመርኩና እንደገና አስኬድኩት። በጎን 3 ሴንቲ ሜትር መጣ። ልጁ ቡና ጋበዘን።

ከፍታው ግን አሁንም አልገጠመም። ሁሉም ነጥብ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ከፍ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ደክሞታል። «ከ2 ሜትር 9 ሴንቲ ሜትር ገብተናል። 9 ሴንቲ ሜትር ምን አላት?» አለ። ጋሼ ወረቀት አውጥተው የቦዩን ተዳፋት አስልተው አሳዩት። ፓምፑ ያለበት ነጥብ በቤንችማርክ የተለካ ነው፤ እርሻው በድሮን ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ የ90 ሜትር ቦይ ተዳፋት ሒሳቡ ይዛባል። ዝም አለ።

የዚህኛው ምክንያት ከካሜራው ነው የመጣው፤ ከፒክስሉ ግን አይደለም። መሬቱ ሜዳ ነው። ድሮኑ በአንድ ከፍታ ነው የበረረው። ሌንሱም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው ያየው። እንዲህ ሲሆን ሶፍትዌሩ የሌንሱን ፎካል ሌንግዝ (ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ ያለውን ርቀት) እና የመሬቱን ርቀት መለየት ያቅተዋል። ሌንሱ ትንሽ ቢረዝምና መሬቱ ትንሽ ቢርቅ ፎቶው ላይ ያው ነው። ከ100 ሜትር ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ለዚህ መፍትሔው ርካሽ ነው። ከመሬት ነጥቦች አንዷን፣ መሀል ያለችውን፣ ለሶፍትዌሩ ሰጠሁት። ካሜራውን ዘንበል አድርገንም አንድ አጭር በረራ ጨመርን። ከፍታው 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ገባ። «ነጥብ አያስፈልገውም» የተባለው ድሮን አንዲት የኖራ መስቀል ፈለገ።

ሜጋፒክስል ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ዜንሙስ ፒ1 የሚባለው ካሜራ 45 ሜጋፒክስል ነው፤ ሴንሰሩ ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሰፊ ዓይነት ስለሆነ ፒክስሎቹ ቦታ አላቸው። ገንዘቡ ያለው ይግዛው። ግን ይህን አስቡ፦ ያው ማቪክን የሚሠራው ዲጄአይ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቀያሾች ብሎ ፋንተም 4 አርቲኬን ሲያወጣ ካሜራው 20 ሜጋፒክስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝን ሲያወጣም 20 ሜጋፒክስል ላይ ነው የቆየው። ሴንሰሩን ነው ያሳደገው፣ ሜካኒካል ሸተሩን ነው የያዘው። 48 መሥራት አቅቶት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ደንበኛው ካርታውን ተረከበ፤ ቦዩ ተቆፈረ። እኛ ዘንድ ደግሞ አሠራሩ ትንሽ ተቀየረ። ቤዝ በታወቀ ነጥብ ላይ ካልቆመ ድሮን አይነሳም። የሚደበቁትን ነጥቦች የሚለካው ሰውና ፎቶውን የሚያቀናብረው ሰው አንድ አይሆኑም። ሥራ አስኪያጁ ለተጨማሪ ድሮን የያዘውን በጀት ወደ ዲጂፒኤስና ኮንክሪት ቤንችማርክ አዛወረው። ያኮረፈ መስሎኝ ነበር፤ ግን ራሱ ነው ደብዳቤውን የጻፈው።

ማቪኩም አልተጣለም። ለሪፖርቶቻችን ሽፋን የሚሆነውን ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው። ደንበኞች በጣም ይወዱታል።