ሁለት ገና፣ አንድም አበል የለም

ይህን የምጽፈው ለአገልግሎት ወደ ኬንያ ለምትላኩ ልጆች ነው። እኔ ስሄድ ስለ ወባ፣ ስለ ባህል፣ ስለ ጾም ጸሎት ሥልጠና ተሰጥቶኛል። ኬንያውያን በእኛ ታኅሣሥ 16 ገናን ሲያከብሩ የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ያዥ የቼክ መሳቢያውን ቆልፎ ገጠር እንደሚገባ ግን የነገረኝ የለም።

መግቢያው ቀላል ነው። ለሥራው ፈቃድ «ክላስ አይ» የሚሉት የሃይማኖት አገልግሎት ፈቃድ አለ፤ ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ታስጨርሰዋለች። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይወጣል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያና መቀበያው ኤምፔሳም አብሮ ይከፈታል። በስዋሂሊ ሰዓት ሲነግሯችሁ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ያው አንድ ሰዓት ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን በፈረንጅ ነውና እሱን ተጠንቀቁ። ቀሪውን ኑሮ ያስተምራችኋል።

ነገር የተበላሸው አበሉ ላይ ነው። የላከኝ የተልእኮ ክፍል፣ ስሙ ይቅር፣ መመሪያ አለው። «አገልጋይ ብዙ ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይዝም፤ አበሉ በተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን በኩል ይደርሰዋል» ይላል። ወረቀት ላይ ያምራል። መንገዱን ልንገራችሁ፦ አዲስ አበባ ብሩ ይፈቀዳል፣ ባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ይያዛል፣ ዶላሩ ሲገኝ ናይሮቢ ወዳለው ሒሳብ ይላካል፣ ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ቼክ ላይ ይፈርማሉ። አንዱ ጋ ከተያዘ እኔ ጾሜን አድራለሁ።

የገና ምድቤ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ቱርካና ነበር፣ ሎድዋር ከተማ። ከናይሮቢ ኪታሌ ሌሊቱን በአውቶቡስ ይታደራል፤ ከኪታሌ ወዲያ ደግሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይቀራል። እዚያ የልጆች ፕሮግራም ነበር፤ ለበዓሉ ፍየል እገዛለሁ ብዬም ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ ገና ታኅሣሥ ሳይገባ ለአስተባባሪያችን ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ ምን አስቸኮለህ? ለገና እኮ ገና ነው!» ብሎ ሳቀ።

እዚህ በዓሉ ታኅሣሥ 16 ነው አልኩት። «አዎ፣ አዎ፣ የፈረንጁ» አለና ወርኃዊ ሪፖርቴን ለምን እንዳዘገየሁ ጠየቀኝ። ሪፖርቱን በማግስቱ ላክሁ። ገንዘቡ ናይሮቢ የገባው በዓሉ ሐሙስ ሊውል ማክሰኞ ከሰዓት ነው።

ናይሮቢ በዚያ ሳምንት ሰው የለባትም። ሁሉም «ኡሻጎ» ወደሚለው የአባቱ መንደር ሄዷል። ከፈራሚዎቹ አንዱ ቡንጎማ፣ ሌላው ሜሩ፤ አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ ከኬንያ ተራራ ማዶ። ሒሳብ ያዡን በስልክ አገኘሁት፣ ከጀርባው ዶሮ ይጮኻል፣ ልጆች ይንጫጫሉ። ደግ ሰው ነው። ባንክ ሐሙስ ዝግ፣ ዓርብም ቦክሲንግ ዴይ ስለሆነ ዝግ፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ እንጨርሰዋለን፣ ታገሥ አለኝ። ከኪስህ በኤምፔሳ ላክልኝና ቼኩ ሲወጣ ውሰድ አልኩት። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ከግል ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም አለኝ። ልክ ነው። ይበልጥ ያበገነኝም ልክ መሆኑ ነው።

ወደ አዲስ አበባ መልሼ ደወልኩ። «እኛ ልከናል እኮ፤ የገባበት ማረጋገጫ እጃችን ላይ አለ። ጌታ ያዘጋጃል» አለኝ አስተባባሪው። ጌታ እንደሚያዘጋጅ እኔም አምናለሁ፤ ስሰብክም የኖርኩት ይህንኑ ነው። ከቢሮ ወንበር ላይ ሆኖ ስልክ መዝጊያ ሲደረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሪቨር ሮድ አካባቢ ወዳሉት አውቶቡሶች ሄድኩ። በአዘቦቱ 1,500 ሽልንግ ገደማ የሚከፈልበት የኪታሌ መንገድ 3,000 ሆኗል። ዋጋው በማርከር ካርቶን ላይ ተጽፎ መስኮት ላይ ተለጥፏል፣ የፊተኛው ተሰርዞ ከጎኑ አዲሱ። እኔ እዚያው ቆሜ ሳወጣ ሳወርድ ልጁ መጥቶ 3,000ውንም ሰርዞ 3,500 ጻፈበት። ቀና ብሎም አላየኝ።

መመሪያው «በአገሩ ያሉ ሐበሾችን በገንዘብ ጉዳይ ከማስቸገር ተቆጠቡ» ይላል። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፦ እግራችሁ ኬንያን በረገጠ ሳምንት ሐበሾች ወዳሉበት የናይሮቢ ሰፈር፣ ኢስሊ ሂዱና ተዋወቁ። እዚያ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው፤ ከሻይ ቤት ጀምረው ነው እዚህ የደረሱት። የነቢያት ጾም ላይ ናቸው፣ እኔ ጴንጤ መሆኔንም ያውቃሉ። በያይነቱ አቀረቡልኝና እስክጨርስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ሽርጣቸውን ገልጠው ከውስጥ ኪሳቸው ሽልንግ ቆጠሩ።

«ተርበህ ነው ሰው የምታጽናና? እንካ ያዝ። ስትመጣ ትሰጠኛለህ።»

«እትዬ፣ መቼ እንደምከፍል አላውቅም እኮ።»

«የጠየቀህ አለ? ይልቅ መኪናው እንዳያመልጥህ!»

ጉዞውን አላረዝመውም። አውቶቡሱ አርፍዶ ተነሳ፣ ኪታሌ በበዓሉ ጠዋት ደረስን፣ የሎድዋሩ መኪና ሞልቶ ሄዷል፣ በዱቄት ጫኝ አይሱዙ ጋቢና ገባሁ። ሎድዋር ስደርስ መሽቷል። ለካ ኬሻ የሚሉት የሌሊት ጸሎት አልፏል፣ ልጆቹ ጥቅሳቸውን በቃላቸው ብለው ጨርሰዋል፣ እኔ በስዋሂሊ ያዘጋጀሁትን ስብከት አንድ የአካባቢው ሽማግሌ በቱርካንኛ ያለ አስተርጓሚ ሰብከውታል። ሰዎቹም የየራሳቸውን ፍየል አምጥተዋል። ልጆቹ አሁንም እየዘለሉ ይጨፍራሉ፣ አቧራው እስከ ጣሪያ። ፍየልህ የት አለ ያለኝ ሰው የለም። ያንን ፍየል ብዬ ስንት ስልክ ደውዬ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቼኩ ከአዲስ ዓመታቸው በኋላ ተፈረመ ተባለ። ደግሞ ሒሳብ ያዡ የገንዘቡ ዝርዝር ከአዲስ አበባ ይምጣልኝ አለ፤ ስንቱ አበል፣ ስንቱ የበዓል ሥራ ማስኬጃ እንደሆነ ተለይቶ። ደወልኩ። ታኅሣሥ 28 ነበር፣ ስልኩ አይነሳም። በማግስቱም አይነሳም። አሁን ደግሞ ገናው የእኛ ነው። እኔ የቋንቋ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ግሥ አረባለሁ፣ እዚያ ቤት ዶሮ ወጥ እየተበላ ነው።

እና የምትሄዱ ከሆነ፣ የኅዳርንም የታኅሣሥንም አበል ጥቅምት ላይ ተቀበሉ፤ አይሆንም ካሏችሁ ተጨቃጨቁ። ኤምፔሳችሁ ላይ ይደር። ባንክ የሚፈቅድላችሁን ዶላር ይዛችሁ ውጡ፣ መመሪያውን እርሱት። ፈራሚዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ለበዓል የት እንደሚሄዱ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። የመመለሻ ትኬታችሁንም አብራችሁ ቁረጡ፣ በጃንዋሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዋጋው ዳግም ይወጣልና።

የእትዬን ገንዘብ መለስኩ። ለተልእኮ ክፍሉም የጉዞ ወጪዬን አቀረብኩ። የአውቶቡሱ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው 1,500 ነው፤ እንዲያ ነው የሚጽፉት፣ በካርቶኑ ላይ ያለውን አይጽፉም። ሒሳብ ክፍሉ በደረሰኙ ልክ ከፈለኝ። ለቀሪው 2,000 ሽልንግ «ማስረጃ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል፣ ማኅተም ያለበት።