ካትስኪል ቆብ ሲደፋ

የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ወደ ቤቴ ስመለስ የምሻገረው ድልድይ ስሙ ሪፕ ቫን ዊንክል ነው። በኒው ዮርክ ግዛት፣ ከትልቁ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን፣ በሀድሰን ወንዝ ላይ በ1935 የተከፈተ የብረት ድልድይ ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ከወንዙ በስተምሥራቅ፣ የምኖርባት ካትስኪል ደግሞ በስተምዕራብ ናት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዬ ትወጣለች፣ ተራሮቹ ከፊቴ ይበራሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስመላለስ የሰውየውን ታሪክ አላነበብኩትም ነበር። ድልድዩን ያሠራ ባለሀብት ወይም አንድ የጦር ጄኔራል ይመስለኝ ነበር።

ሪፕ ግን አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ባለታሪክ ነው። ያስነበበኝ ልጄ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ባለፈው መኸር ሦስት ሣጥን የተሣለበት ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዞ መጣ። በአንዱ ሣጥን ራስ ላይ «ስላቅ»፣ በሁለተኛው «ለውጥ»፣ በሦስተኛው «ተፈጥሮ» ይላል። ለየሣጥኑ ከታሪኩ ማስረጃ ፈልጎ መጻፍ አለበት። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው እንግሊዝኛ ሲከብደው ማብሰያ ክፍል ጠረጴዛው ላይ አብረን ተቀመጥን። እሱ የቤት ሥራውን ካስረከበ ቆየ፤ እኔ ግን ከታሪኩ መላቀቅ አቃተኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የቤታችንን ታሪክ ስናገር ግን በራሳችን።)

ሪፕ በካትስኪል ተራሮች ግርጌ፣ በደች ሰፋሪዎች መንደር የሚኖር ደግ ሰው ነው። የጎረቤቱን የድንጋይ ካብ ይክባል፣ የሰው በቆሎ ይፈለፍላል፣ የመንደሩን ልጆች ጨዋታ ያስተምራል፤ የራሱ ማሳ ግን አረም ውጦታል። ሚስቱ ትነዘንዘዋለች። አንድ ቀን ንዝንዙን ሸሽቶ ጠመንጃውን አነገተ፣ ዎልፍ የሚባለውን ውሻውን አስከተለና ተራራ ወጣ። እዚያ በርሜል የተሸከመ፣ የጥንት ልብስ የለበሰ ሰው በስሙ ጠራው። ተከትሎት ገደል ውስጥ ሲገባ ጺማም ሰዎች አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ ፊታቸው ሳይፈታ ኳስ እያንከባለሉ ዘጠኝ የእንጨት ዘንጎች ይጥላሉ፤ ድምፁ በተራራው ውስጥ እንደ ነጎድጓድ ያስተጋባል። ከመጠጣቸው ቀመሰ፣ ደገመ፣ ሠለሰ፣ ተኛ። ሲነቃ 20 ዓመት አልፏል። የእንግሊዝ ንጉሥ ዜጋ ሆኖ ተኝቶ የነቃው በአሜሪካ ሪፐብሊክ ውስጥ ነው።

ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ገና ሳልጨርስ «አቤሜሌክ ነዋ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። በተረፈ ባሮክ ኤርምያስ ኢትዮጵያዊውን አቤሜሌክን በለስ ልቀም ብሎ ይልከዋል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም እንዳለ 66 ዓመት ይተኛል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የሰማችውን አልረሳችም፦ አቤሜሌክ ሲነቃ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው በለስ ዕለቱን እንደተለቀመ ትኩስ ነበር። «ያንተኛው ሰውዬስ የያዘው ምን ሆነ?» ብላ ልጄን ጠየቀችው። ጠመንጃው ዝጓል፣ ሰደፉን ነቀዝ በልቶታል፣ ውሻውም ጠፍቷል። «እንግዲያ እሱን እግዚአብሔር አይደለም ያስተኛው» አለች። ብዙ ሊቃውንት ከጻፉት ይልቅ ይህ አባባሏ ሁለቱን ታሪኮች ለየልኝ። አቤሜሌክን የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ ፈጣሪ ሰወረው። ሪፕን የሰወረው የለም፤ ሄዶ ተኛ፣ ጊዜም በእጁ የያዘውን ሁሉ በላበት።

የስላቁን ሣጥን ልጄ ቶሎ ሞላው። ከመተኛቱ በፊት በመንደሩ ማረፊያ ቤት ደጅ የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ምስል ነበረ። ሲመለስ ፊቱ ያው ነው፤ ቀዩ ካባ ግን ሰማያዊ ተቀብቷል፣ በትረ መንግሥቱ በሰይፍ ተለውጧል፣ ራሱ ላይ የወታደር ባርኔጣ ተደፍቷል፣ ከሥሩም «ጄኔራል ዋሽንግተን» ተብሎ ተጽፏል። ከማረፊያ ቤቱ ፊት የነበረው ትልቅ ዛፍ የለም፤ በቦታው ራቁቱን የቆመ ረጅም ምሰሶ ተተክሎ ባንዲራ ይውለበለብበታል። ሪፕ የማያውቃቸው ሰዎች ከብበውት የትኛውን ፓርቲ እንደመረጠ ያፋጥጡታል። እሱም ምስኪን፣ ለንጉሡ ታማኝ መሆኑን ሲናገር «ሰላይ!» ብለው ይጮኹበታል። ደራሲው ዋሽንግተን ኧርቪንግ የተወለደው የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በስምምነት ባበቃበት በ1783 ነው፤ ስሙም የወጣለት በዚያው ጄኔራል ስም ነው። የነጻነት ልጅ ሆኖ እያለ አብዮቱን የቀለም ለውጥ አድርጎ ለማሳየት መድፈሩን አከብርለታለሁ። በ1983 እኛ መንደር የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው የመሪው ፎቶ ሲወርድ ቦታው አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቶ ቀርቶ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ያ ንጣት ከፎቶው ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር። ስለ ሰሌዳው ሳነብ ያ ግድግዳ ፊቴ ላይ መጣ።

ነገር ግን የታሪኩ ስላቅ አብዛኛው የሚወርደው በንጉሡም በዋሽንግተንም ላይ አይደለም፤ በሚስቱ ላይ ነው። ስም እንኳ የላትም። ልጇ ጁዲት፣ ውሻው ዎልፍ፣ የማረፊያ ቤቱ ጌታ ኒኮላስ ቬደር ስም አላቸው፤ እሷ «የቫን ዊንክል ሚስት» ብቻ ናት። ኧርቪንግ ሪፕን የሚያውቀው አንድ አምባገነንነት የሚስት አገዛዝ ብቻ ነበር ይለናል፤ ስለዚህ ነፃ ዜጋ ሆነሃል ሲሉት አይገባውም፣ የሚስቱን መሞት ሲሰማ ግን ይቀለዋል። እሷ የሞተችውም ከኒው ኢንግላንድ በመጣ ሱቅ በደረቴ ተቆጥታ ደም ሥሯ ተበጥሶ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አለቀ። ልጄ ይህን ሲያነብ ሳቀ፤ ታሪኩ እንዲስቅ አድርጎ ነው የተጻፈው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ለምን እንዳልሳቅኩ ላስረዳው ሞከርኩ።

«ወደ ቤቱ የገባበትን ቦታ አንብብልኝ» አልኩት። ሪፕ ከተራራው ወርዶ ቤቱን ሲያገኘው ጣሪያው ወድቋል፣ መስኮቱ ረግፏል፣ በሩ ከማጠፊያው ተገንጥሏል። እዚያ ላይ ደራሲው፣ እውነቱን ለመናገር ያንን ቤት ሚስቱ ሁልጊዜ ንጹሕና ሥርዓት ያለው አድርጋ ትይዘው እንደነበር ይናዘዛል። ሪፕም ባዶነቱ ሲውጠው የሚፈራትን ሚስቱንና ልጆቹን እየተጣራ ይጮኻል። ድምፁ በባዶዎቹ ክፍሎች ውስጥ ለአፍታ ተሰምቶ ጸጥ ይላል። በምሠራበት ቤት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተው በሕይወት የሌለች ሚስታቸውን የሚጣሩ ሽማግሌዎች አሉ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። እጃቸውን ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ። ስለዚህ ለእኔ የታሪኩ ልብ ያ ባዶ ክፍል ነው፤ ኧርቪንግም ስላቁን ለአንዲት መስመር ያህል ያስቀመጠበት ቦታ እዚያ ብቻ ነው።

ስለ ኧርቪንግ ሕይወት ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ አዘንኩለት። ታሪኩን የጻፈው በ1818 በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም፣ በእህቱ ቤት ተጠግቶ ነው። የወንድሞቹ የንግድ ድርጅት በዚያው ዓመት ከስሮ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አላገባም። አገሩን በ1815 ለቆ የተመለሰው በ1832፣ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ሲጽፍ ገና ወደ ባዕድ አገር በሄደ በሦስተኛው ዓመት የራሱን መመለስ አስቀድሞ አየ ማለት ነው። ካትስኪልን እግሩ ረግጦት አያውቅም ነበር፤ በልጅነቱ በሀድሰን ላይ በመርከብ ሲያልፍ ከሩቅ ያየውን ተራራ ነው የጻፈው። ከአገሩ የራቀ ሰው ከሩቅ ያየው ተራራ እንዴት እንደሚጠራለት እኔም አውቃለሁ።

ሦስተኛው ሣጥን ላይ ብዙ ቆየን። ልጄ «ተራራው አልተለወጠም፣ ሰው ብቻ ነው የተለወጠው» ብሎ ሊጽፍ ነበር። አንብበን ስናየው ግን ተራራውም ተለውጧል። ሪፕ ከበርሜል ተሸካሚው ጋር ሲወጣ በደረቀ የጎርፍ መውረጃ ነው ያለፈው፤ ሲነቃ በዚያው ላይ ውኃ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል፣ የገባበትም የገደል በር ድፍን ዐለት ሆኖ ይጠብቀዋል። እውነተኛው ካትስኪልም ያው ነው። ኧርቪንግ ከጻፈ በኋላ በነበሩት ዓሠርት ዓመታት ሄምሎክ የሚባለው ዛፍ ቅርፊቱ ለቆዳ ማልፊያ ሲባል እየተገሸለጠ ተራሮቹ ተራቆቱ፤ ግዛቱ ደኑን በሕግ መጠበቅ የጀመረው በ1885 ነው። ዛሬ ከድልድዩ ላይ የማየው አረንጓዴ አብዛኛው ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው። ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ በአክብሮት አየው ነበር።

ከዚያ የታሪኩን መጀመሪያ እንደገና ስናነብ ያለፍነውን አገኘሁት። ኧርቪንግ ተራሮቹን ሲያስተዋውቅ መልካቸው በየወቅቱ፣ በየሰዓቱ እንደሚለዋወጥ ይናገርና የአካባቢው ባልትና አዋቂ ሴቶች ሁሉ የአየር ጠባይ የሚለዩት በእነሱ ነው ይላል። ሰማዩ ሲጠራ ተራራው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይለብሳል፤ አንዳንዴ ግን ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ እያለ ጫፉ ላይ ግራጫ የጉም ቆብ ይደፋል። ወንዱ ተራራው ላይ ወጥቶ ይተኛል፤ ሴቶቹ ከታች ሆነው ያነቡታል። ስም ያልተሰጣት ያቺ ሴትም በየቀኑ ቀና ብላ ያንን ቆብ ታይ ነበር ማለት ነው። ታሪኩ ይህን አይናገርም፤ እኔ ግን አንዴ ካየሁት በኋላ ሌላ ነገር አልታይ አለኝ።

ያደግኩት ከደብረ ማርቆስ ወዲያ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። አባቴ በ1969 ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ታጠቅ ጦር ሠፈር ሲሄድ እኔ በእናቴ ሆድ ነበርኩ። ከዚያ ምሥራቅ፣ ከዚያ ሰሜን ሄደ፤ ከዚያም ወሬው ጠፋ። የሪፕ ልጅ ጁዲት ለሕዝቡ ስትናገር፣ አባቷ ጠመንጃውን ይዞ ከሄደ 20 ዓመት እንደሆነው፣ ውሻው ብቻውን እንደተመለሰ፣ ይሙት ይኑር የሚያውቅ እንደሌለ፣ እሷም ያኔ ትንሽ ልጅ እንደነበረች ትላለች። እዚያ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለልጄ ሰጥቼ ውኃ ልቅዳ ብዬ ተነሣሁ።

እናቴ በእነዚያ 14 ዓመታት ዝናቡን የምታውቀው በጮቄ ነበር። «ጮቄ ሻሽ አስሯል፣ ስጡን አስገቡ!» ስትል ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሁላችንም እንሮጣለን፤ ስንዴውን ከቁርበቱ ላይ እያፈስን በእንቅብ እናስገባለን። ተሳስታ አላየኋትም።

ሰኔ 1983 ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከአጥሩ በር ላይ ቆመ። ጫማ የለውም፣ እጁ ላይ ዱላ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። እኔ ለማኝ መስሎኝ እንጀራ ላመጣለት ዞርኩ። እናቴ ስጡ ላይ እንዳጎነበሰች ቀና አለች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከእሱ ትከሻ በላይ ጮቄ ይታያል፤ ጉሙ ጫፉ ላይ መጠምጠም ጀምሮ ነበር።

«ጮቄ ሻሽ አስሯል» አለችው። «ስጡን ያግዙኝ።»

ዱላውን አጥሩ ላይ አስደግፎ መጣና ከጎኗ ተንበረከከ። ስንዴውን ሲያፍስ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብዙው ፈሰሰበት፤ እሷ ዝም ብላ ከሥሩ ትለቅማለች። የመጨረሻውን እንቅብ እንዳስገባን ዝናቡ ወረደ። ለቅሶው የመጣው ማታ ነው፣ ጎረቤት ሰምቶ ሲሰበሰብ።

ይህንን ለልጄ ነግሬው አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ማታ ነገርኩት። በሣጥኑ ውስጥ ምን እንደጻፈ አላሳየኝም። በማግስቱ ግን ለአያቱ እንድደውልለት ጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ከድልድዩ ወርጄ መኪናዬን አቁሜ የመደወል ልማድ አወጣሁ። እዚህ ንጋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እናቴ ግን አሁንም ደጅ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ታነሣለች። ሰላምታው ሳያልቅ «ያንቺኛው ተራራ ዛሬ ምን ለበሰ?» ትለኛለች። ዛሬ ጠዋት ግራጫ ቆብ ደፍቷል አልኳት። «ከውጭ ያሰጣሽው ነገር አለ?» አለችኝ። የልጄ ሹራብ ከጓሮው ገመድ ላይ እንዳለ ትዝ አለኝና መኪናውን አስነሣሁ።