የኮፍያው ገመድ

ኮምቦልቻ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። የምንሰፋው ለውጭ ገበያ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚገርመው የመርፌው ነገር ነው። አንዲት መርፌ ከተሰበረች ማሽኑ ይቆማል። ስባሪዋ ተለቅሞ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ጫፏ ከጠፋች በዚያ ሰዓት የተሰፋው ሁሉ ታግዶ በብረት መፈለጊያ ማሽን ያልፋል። ባሕር ማዶ ያለ ሕፃን እንዳይወጋ ነው ይህ ሁሉ። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

አንድ ጊዜ 300 የሕፃናት ጃኬት ተመለሰብን። ስፌቱ ንጹሕ፣ ዚፑም ጥሩ ነበር። ችግሩ የኮፍያው ማጥበቂያ ገመድ ነው። በስህተት ገብቷል። የገዢው ተወካይ አንዱን ጃኬት አነሳና ገመዱን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ አሳየኝ። "ይሄ አይሄድም" አለ። በቃ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ሥልጠና ላይ ተምረነዋል። አሜሪካ ውስጥ የኮፍያ ገመድ በመጫወቻ መንሸራተቻ ላይ እየተጠለፈ፣ የወገብ ገመድ ደግሞ በትምህርት ቤት አውቶቡስ በር እየተያዘ ሕፃናት ሞተዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 መመሪያ ወጣ። በ2011 ደግሞ ኮፍያው ወይም አንገቱ ላይ ገመድ ያለው የልጆች ጃኬት በራሱ አደገኛ ዕቃ ነው ተብሎ ተደነገገ። የአውሮፓ ደረጃም ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮፍያ ላይ ገመድ አይፈቅድም።

አለቃዬ "ለአገር ውስጥ ይሸጣላ! አዲስ ልብስ እኮ ነው" አሉ። እኔም ፈረምኩ። ከመውጣቱ በፊት የብራንዱ ምልክት መቆረጥ ነበረበት፤ ስማቸው ገበያ ላይ እንዲታይ አይፈልጉም። ሁለት ሠራተኞች ተመድበው 300ውንም አንድ በአንድ ቆረጡ። ገመዱን ማንም አልነካውም። እኔም አልነካሁትም።

ከወር በኋላ እናቴን ልጠይቅ ወደ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎን አልፈን ከተማ ስንገባ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ቆመ። ከፊቴ አንዲት እናት ወረደች። አራት ዓመት የሚሆነው ልጇ ተከትሎ ዘለለ። ረዳቱ በሩን ሲስበው ልጁ ወደ ኋላ ተጎተተ። የገመዱ ፕላስቲክ በሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር። መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል። "ኸረ ቁም! ልጁን! ልጁን!" ብዬ ጮኽኩ። ሾፌሩ ቆመ። ረዳቱ በሩን መልሶ ከፈተው።

ልጁ ደህና ነው። አገጩ ሥር ቀይ መስመር ወጥቶበታል። እናቱ አቅፋ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ትላለች። እኔ ኮፍያውን አየሁት። ስፌቱን አውቀዋለሁ። አንገቱ ሥር የምልክቱ ቁራጭ ክር እንዳለ ነው።

ወርጄ "እህቴ፣ ይሄን ገመድ ላውጣልሽ" አልኳት። ምክንያቱን እንኳ ሳትጠይቅ ልጁን አስጠጋችልኝ። የአንዱን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሴ በጥሼ በሌላው በኩል ሳብኩት። ወጣ። 10 ሴኮንድ ቢፈጅ ነው። ቤት ስገባ አሰላሁት፤ ለ300ው ጃኬት 50 ደቂቃ ነበር የሚፈልገው።

ሕግ የለንም ማለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግን ያቺ እናት ማንን ትጠይቅ? ምልክቱን ቆርጠነዋል። ገመዱ ጉድለት መሆኑንስ በምን ታውቃለች? የምናውቀው እኛ ነበርን። ባሕር ማዶ ሕጉ ዕቃው ሱቅ ሳይደርስ ያስቆመዋል፤ እዚህ ሸማቿ ራሷ ደርሳበት ትከራከር ይባላል። በዚህ መሃል ያለው እንደ እኔ ያለ ፈራሚ ነው።

ሰኞ ሥራ ስገባ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀይ መስመሩን በጣቴ አንገቴ ላይ አሳየኋቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ቅጹ ላይ ጻፊው" አሉኝ። አሁን ተመላሽ ልብስ ለአገር ውስጥ ሲወጣ ቅጹ የተመለሰበትን ምክንያት ይጠይቃል። ምክንያቱ የልጅ ደኅንነት ከሆነ ሳይስተካከል አይወጣም።

የወጣውስ? በቀጣዩ ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ደሴ ሰኞ ገበያ ገባሁ፣ መቀስ ይዤ። አንዷ ነጋዴ "ያማረበት በገመዱ አይደል እንዴ፣ ምን አጠፋሁሽ?" አለችኝ። የልጁን ነገር ስነግራት መቀሱን ከእጄ ወስዳ ራሷ መቁረጥ ጀመረች። ጎረቤቶቿንም ጠራችልኝ። እስከ ማታ ያገኘነው 11 ጃኬት ነው።

የቀሩት ልጆች ላይ ናቸው። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮፍያ ያጠለቀ ሕፃን መንገድ ላይ አይጠፋም። ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው አንገቱ ጋ ነው።