የማካሮቭ የመጀመሪያ ጥይት

ባለፈው ቅዳሜ ከድሬ ወጣ ብሎ ባለው የተኩስ ሜዳ ከ7 ሜትር ላይ ሁለት ጥይት ተኮስኩ። ከተኩስ ምልክቱ እስከ ሁለተኛው ጥይት 2.2 ሰከንድ ፈጀብኝ። ሁለቱም ከመዳፍ የማይሰፋ ቦታ ላይ አረፉ። ከስድስት ወር በፊት 4 ሰከንድ ገደማ ይወስድብኝ ነበር፣ ያውም የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን እየሳተ። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ የገንዘብ መኪና ማጀብ ነው። የምይዘው ማካሮቭ የሚባለውን ሽጉጥ ነው። አቋቋሙን፣ አያያዙን፣ ማነጣጠሩን አልፈዋለሁ፤ ጥሩ አሠልጣኝ ያገኘ ሰው በጥቂት ሳምንት ይይዘዋል።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በሽጉጡ ክብደት ሳሳብብ ኖርኩ። ቀላል ሽጉጥ ቶሎ ይተኮሳል ብዬ አምን ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ቀላል ሽጉጥ ከወገብ ቶሎ ይወጣል። ከተኮሰ በኋላ ግን ይራገጣል። አፈሙዙ ሽቅብ ተነስቶ እስኪመለስ ሁለተኛው ጥይት ይዘገያል። በፍጥነት ተኩስ ውድድር የሚታወቀው ሲዜድ ሻዶው 2 ሽጉጥ ባዶውን 1,330 ግራም የሚመዝነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ነው።

ግን ክብደትም ብቻውን አይበቃም። የባልደረባዬን ቶካሬቭ ሞከርኩ። 850 ግራም ገደማ ነው። ጥይቱ ኃይለኛ፣ እጀታው ቀጥ ያለ ስለሆነ እጄ ላይ አልተመቸኝም። ሁለተኛው ጥይት ዘገየ። የመጀመሪያው ግን ልክ መሃል ገባ! ቶካሬቭ መዶሻው (ከኋላ ያለው፣ መርፌውን መትቶ ጥይቱን የሚያስተኩሰው) ቀድሞ ካልተነሳ አይተኮስም፤ ስለዚህ ምላጩ ሁልጊዜ አጭርና ቀላል ነው። ችግሬ የት እንዳለ ያኔ ገባኝ።

ማካሮቭ አቀባብለህ ሴፍቲ ስታስገባው መዶሻው ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥይት ስትተኩስ ምላጩ መዶሻውን አንስቶም ይጥለዋል። ረጅምና ከባድ ስበት ነው። ከዚያ በኋላ መዶሻውን ተንሸራታቹ (በየተኩሱ ወደ ኋላ የሚሄደው የሽጉጡ ላይኛ ክፍል) ራሱ እያነሳ ስለሚመለስ ምላጩ ይቀልላል። አንድ ሽጉጥ ውስጥ ሁለት ምላጭ አለ ማለት ነው። እኔ ከባዱን ስስብ ጣቴ ብቻ ሳይሆን እጄ በሙሉ ይጨብጥ ነበር። አፈሙዙ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሰግዳል።

መድኃኒቱ አንዲት ቀለህ ሆነች። ማታ ማታ ካዝናውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ከሽጉጡ አወጣለሁ። የጥይት መግቢያውን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጣለሁ። ጥይቱ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጣል። ከኋላው ሰው ወደሌለበት የድንጋይ ግንብ አነጣጥራለሁ። ከዚያ ባዶዋን ቀለህ ተንሸራታቹ ላይ፣ ከፊት ማነጣጠሪያው ኋላ አቁሜ ምላጩን እስባለሁ። በየማታው 20 ጊዜ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲሚንቶው ላይ ስትንቃጨል ባለቤቴ ከሳሎን «ወደቀች» ትለኝ ነበር። የጣቴን ጫፍ ትቼ ምላጩን የመጀመሪያው አንጓ አካባቢ ሳስገባው ነው ቀለህዋ መቆም የጀመረችው። ሦስት ወር ፈጀ።

መዶሻውን በአውራ ጣት አንስተህ ተኩስ የሚሉኝ አሉ። አቦ፣ እኔ አልቀበለውም። ጊዜ ይበላል፣ አያያዝን ያላላል። በድሬ ሙቀት ላብ በላብ በሆነ አውራ ጣት ደግሞ ሊያመልጥ ይችላል።

ስለ ላብ ካነሳሁ፣ እጀታው ላይ ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት አጥልቄበታለሁ። ከማንኛውም የተገዛ ነገር የበለጠ ጠቅሞኛል። መጀመሪያ ያጠለቅኩት ሰፊ ስለነበር ታች ያለውን የካዝና መልቀቂያ ሸፈነው፤ ልምምድ ላይ ካዝናው አልወጣ አለኝ። ጠባብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ካጠለቃችሁ በኋላም ካዝናውን ደጋግማችሁ አውጥታችሁ ሞክሩት።

በአንድ ልምምድ ለሰው 24 ጥይት ነው የሚደርሰን። እኔ 12ቱን ለመጀመሪያው ከባድ ስበት ብቻ አውላቸዋለሁ፤ አንድ ተኩሼ፣ ሴፍቲ አስገብቼ፣ እንደገና። ሰዓቱን ለመለካት ድምፁን በስልክ እቀዳና ከምልክቱ እስከ ተኩሱ ያለውን ርቀት ስልኩ በሚያሳየው የድምፅ ማዕበል ላይ አያለሁ።

ካዝና መቀየር ላይ ግን ገና ነኝ። የማካሮቭ መልቀቂያ እጀታው ሥር ስለሆነ የግራ እጅ ይፈልጋል፤ እስካሁን ከ5 ሰከንድ በታች አላወረድኩትም። በግራ እጅ መተኮሱንማ ገና አልጀመርኩትም። ማካሮቭ ይዞ ካዝና በፍጥነት የሚቀይር ካለ እጁን እንዴት እንደሚያደርግ ይንገረኝ።